የቁም ለቅሶ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች፣ ፊቷ በእንባና በደጋ ነፋስ የደረቀ ሴት ቆማለች። ወዲያው አላወቅኋትም። በኋላ በቅንድቧ ለየኋት፤ የእናቷ ቅንድብ ነው።

«እማዬ ሰኞ ማታ አረፈች» አለችኝ ገና ከደጅ ሳለች። «ትናንት ቀበርናት። አንቱ ዘንድ ያስቀመጠችውን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

ሐዘንተኛ ሣልስቱ ሳይወጣ ከሐዘን ቤት አይወጣም። ይህች ሴት ግን ከገሳይ ከተማ በላይ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ካለው መንደሯ በእግር ወርዳ፣ ከገሳይ በሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ታቦር መጥታለች። አስገብቼ አስቀመጥኋት። ውኃ ሰጠኋት፤ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ተናገረች።

«ትናንት አንድ ሰው እንኳ ግጥም አልሰጠም። የአገሩን ሙታን ሁሉ በግጥም የሸኘችው እሷ፣ እንደ ድንጋይ ዝም ተብላ አፈር ገባች። ሙሾ የሚያወርዱት ሁሉ እሷ ያስተማረቻቸው ናቸው፤ እርስ በርስ ተያዩና አቀረቀሩ። እሷን ማን ደፍሮ ያስለቅስላት? አንዷማ በጆሮዬ ‹ብሳሳት ከመቃብር ተነሥታ ታርመኛለች› አለችኝ።» ፈገግታ የሚመስል ነገር ከንፈሯ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ነገ ሣልስቷ ነው። ነገም ዝም ከተባለች እኔ በዚያ አገር ቀና ብዬ አልሄድም። እትዬ፣ ድምፅዋን ይስጡኝ።»

እኔ ዘንድ ያለው ድምፃቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የቃል ግጥም የሚያሰባስብ አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ይዤ በጉና ዙሪያ ስዞር፣ ስማቸው የተጠራ አስለቃሽ እንዳሉ ሰማሁና ቤታቸው ሄድሁ። የጠየቅኋቸው ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሙሾ እንዲያወርዱልኝ፣ እኔም እንድቀዳ።

«ለማን?» አሉኝ።

«ለማንም፤ እንዲያው ለናሙና።»

«ሬሳ በሌለበት ሙሾ ይወረዳል? አንቺ ልጅ፣ ይኸ እኮ ሞትን በስሙ ጠርቶ ቤት ማስገባት ነው። ይኸን ያህል ዓመት ስትማሪ ሟርት ምን እንደሆነ አልነገሩሽም?»

ልጃቸው ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ። አፍሬ ወጣሁ። ሌላ ቀን ተመለስሁ፤ ያንኑ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ለቀረጻ ሳይሆን ለሰላምታ ብቻ ጎራ ማለት ጀመርሁ። በአንዱ ቀን ግን ሳልጠይቃቸው እርሳቸው ራሳቸው አነሡት።

«ለሰው አላሟርትም» አሉኝ። «በራሴ ባሟርት ግን ማን ይከሰኛል? ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣ የለም? እኔም ለቅሶዬን በቁሜ ላልቅስ። ብቻ ስቀዳ ከቤት ማንም አይኖርም፤ አንቺም ብትሆኝ። ሣልስቴ እስኪሆን ድረስም ማንም አይሰማው፤ አንቺም ብትሆኝ።»

መቅረጫውን መደቡ ላይ አስቀመጥሁላቸው። ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ከልጃቸው ጋር ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ እርሷ የባቄላ እሸት ትፈለፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ድምፅ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሣል። ልጅቷ እሸቱን እየፈለፈለች በሳቅ ተንፈቀፈቀች፤ «ኧረ እናቴን ይዩልኝ፣ ለማሽን ስታለቅስ!» አለችኝ። እኔም ፈገግ አልሁ። ሰው ሳይሞትባቸው እንዲህ ማልቀሳቸውን የሙያቸው ብስለት አድርጌ ተረዳሁት፤ በዚያ ምሽት በመዝገቤም ላይ እንዲሁ ጻፍሁ። ሲጠሩኝ ገባሁ። ዐይናቸው አብጦ ነበር። ውኃ ለመኑኝና ጠጡ፤ ስለ ሌላ ነገር አወሩኝ።

የገባሁላቸውን ቃል በምችለው መንገድ ጠበቅሁ። ፕሮጀክታችን የተቀዱትን ድምፆች የሚያደራጅበት ፕሮግራም አንድን ድምፅ አሽጎ የማስቀመጥ ዘዴ ነበረው። የታሸገው ድምፅ እንደ ሌሎቹ ለብቻው ፋይል ሆኖ አይቀመጥም፤ የመዝገቡ ሁሉ ቋት የሆነው ዳታቤዝ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው በፕሮግራሙ በኩል ካልከፈተው በቀር በሌላ መንገድ አይሰማም። የእርሳቸውን እንደዚያ አሸግሁት፤ ከመቅረጫውም ላይ እያዩኝ አጠፋሁት። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ኮምፒውተሩ በመብራት መቆራረጥ ተቃጥሎ ቀረ፤ የዳታቤዙን ቅጂ ግን አስቀድሜ በውጭ ዲስክ ይዤ ነበር። ስለዚህ ልጃቸው ድምፅዋን ይስጡኝ ስትለኝ አልተጨነቅሁም።

«አሁን አሰማሻለሁ» አልኋት።

ላፕቶፔ አዲስ ነው። በላዩ ላይ ያለው ያው ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን አራተኛው ቨርዥን። ዲስኩን ሰክቼ ዳታቤዙን ስከፍት፣ ይህ በሁለተኛው ቨርዥን የተሠራ ስለሆነ ወደ አዲሱ ልለውጠው ወይ ሲል ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳልነካ በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን አልሁት። ሁሉም መጣ፤ የመንደሩ ስም፣ የቀረጻው ቀን፣ የተናጋሪዋ ዕድሜ፣ በገዛ እጄ የጻፍሁት ማብራሪያ። የሴትዮዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን የቁልፍ ምስል ብቻ ተቀምጧል። ምስሉን ስጫን፣ በአሮጌው አሠራር የታሸገ ድምፅ በዚህ ቨርዥን አይከፈትም የሚል ጽሑፍ ወጣ። የድምፁ ርዝመት ይታያል፤ ድምፁ የለም።

ልጅቷ ጆሮዋን አስጠግታ ትጠብቅ ነበር። «ዝም አለች?» አለችኝ።

«እርሳቸው አይደሉም ዝም ያሉት» አልኋት፤ «ቋንቋው አልተግባባም። ይህን የሠራው አሮጌው ፕሮግራም ነው፤ የሚከፍተውም እርሱ ብቻ ነው። አሮጌውን መፈለግ አለብን።»

አሮጌውን ከኢንተርኔት ለማውረድ ሞከርሁ። ኔትወርኩ ያን ሰሞን አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ ይለግም ነበር፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ በተከፈተውም ገጽ ላይ የፕሮግራሙ ባለቤቶች የጥንቶቹን ቨርዥኖች አንሥተዋቸዋል። ከዚያ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገናና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ያኔ የፕሮጀክቱን ኮምፒውተር ያስተካከለልን እርሱ ነበርና የመጫኛው ሲዲ አንድ ቅጂ እርሱ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ ብቻዋን መቀመጥ አልፈለገችም፤ አብረን ሄድን።

«መምህር፣ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ አንቱ ወደ ታች ይወርዳሉ?» አለኝ ነገሩን ሲሰማ። «አራተኛው እያለ ሁለተኛውን! ዛሬ ጠዋት አንዱ አሮጌ ስልኩን አዲስ አድርግልኝ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ አረፈደ። አንቱ ደግሞ አዲሱን ላፕቶፕ አሮጌ አድርግልኝ ይበሉ።»

«አሮጌ አድርግልኝ አላልሁህም። ሲዲውን ስጠኝ ነው ያልሁህ።»

«ሲዲ! ኧረ መምህር፣ ሲዲ እኮ ዛሬ በገበሬ ማሳ ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ያባርራል። እኔም የነበረኝን ሁሉ ለአማቴ ማሽላ...» አለና አቋረጠው። ከኋላዬ በሩ ላይ የቆመችውን፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዋንም ያኔ ነው ያየው። ከወንበሩ ተነሣ። «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ማን ነው?»

«እናቴ።»

«ሲዲው የተፈለገው ለዚህ ነው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የእናቷ ድምፅ ነው። ለነገ ሣልስት።»

ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣና ተንበርክኮ አንዱን ሲዲ ካንዱ እየለየ ይፈልግ ጀመር። ሲያገኘው በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው በእርሱ ማሽን ከፍቶ ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ። ፍላሹን ሲሰጠኝ ወደ ቀልዱ ሊመለስ ሞከረ፤ «አዲሱን ሳያስወጡ አሮጌውን እንዳያስገቡ፤ እንደ ጣውንት ናቸው፣ ባንድ ቤት አያድሩም» አለኝ። አውቅ ነበር፤ ቢሆንም አመሰገንሁት።

ቤት ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። አራተኛውን ቨርዥን ለማንሣት ጥቂት አመነታሁ፤ የራሴ የብዙ ዓመት ሥራ የሚከፈተው በእርሱ ነው። አነሣሁት። የተረፈ ቅሪቱንም ካለበት እየፈለግሁ አጠፋሁ፤ አሮጌው የአዲሱን ርዝራዥ ካየ አልጫንም ይላልና። ከዚያ ሁለተኛውን ጫንሁ። የቀድሞው ሰማያዊ መስኮት ሲከፈት፣ የተዘጋው ቢሮአችን፣ ማሞቂያ የሌለው ክፍል፣ ጣቶቼን እያሻሸሁ የምጽፍበት ጠረጴዛ ሁሉ በዐይኔ መጣ። ነገር ግን አንድ ገጽ እንኳ ሳያሳየኝ ፈቃዱ ጊዜው አልፏል አለ። ፈቃዱን የገዛው ፕሮጀክቱ ነበር፤ ፕሮጀክቱ የለም።

ለዚህ የሚደረግ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚያውቀው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ፈቃዱ ወደ ጸናበት ዘመን ከመለሱለት ይታለላል። ኔትወርኩን ዘጋሁና የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መለስሁ። ቀረጻው የተደረገበትን ዓመት ጻፍሁ፤ 2009።

ተከፈተ። ዳታቤዙን ስጠራው ግን ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ ይህ ፋይል የተፈጠረበት ቀን ገና አልደረሰም።

ለጥቂት ጊዜ ጽሑፉን አየሁት። ገና አልደረሰም። ከዚያ ስሕተቴ ገባኝ፤ እጄ የጻፈው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ። ወደምፈልገው ዓመት ልደርስ ስል አልፌው ሄጃለሁ።

ልጅቷ ፊቴን ታይ ነበር። «ምን አለ?»

«ዓመቱን ተሳስቼ ወደ ኋላ አብዝቼበታለሁ። አሁን ማሽኑ 2001 ላይ ነኝ እያለ ነው፤ በእኛ።»

ዐይኗን ከላፕቶፑ መስታወት አልነቀለችም። «ያን ጊዜ ወንድሜ ነበረ» አለች።

ቀኑን ለማስተካከል የዘረጋሁትን እጄን መለስሁ። ወንድም እንደነበራት አውቃለሁ፤ ሱዳን ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

«ሱዳን አይደለም» አለች። «ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ፤ በ2008። እማዬ ያኔ ልቧን ታማ ተኝታ ነበር። ይኸን ብትሰማ አትተርፍም አሉ ሽማግሎቹ፤ ትንሽ ትበርታና እናረዳታለን ተባለ። ለቅሶውን ከሸንተረሩ ማዶ፣ አጎቴ ቤት ተቀመጥን፤ ድምፁ እዚህ እንዳይደርስ። እማዬ በረታች። ግን በረታች ብለን ስናስብ መልሶ ያማታል፤ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፣ ደግሞ ክረምት ይሆናል። ቀኑ አለፈ። መርዶ ካለፈ እኮ አይነገርም፣ እትዬ። ‹እስከዛሬ የት ነበራችሁ› ትለናለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋሸሁ። ሱዳን ተሻግሯል፣ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። አንድ ጊዜ ከገሳይ ገበያ ነጠላ ገዝቼ ልኮልሻል ብዬ ሰጠኋት። ዐይኗ ላይ አድርጋ ሳመችው፤ ‹አሜን፣ እድሜ ይስጠው› አለች። እሱን ለብሳው ነው የኖረች።» ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ከለለች። «ሳታውቀው ሄደች። በዚህ እንኳ ተመስገን እላለሁ፤ እዚያ ሲገናኙ ራሱ ይንገራት።»

ማሽኑ ልጁም እናቱም በሕይወት ባሉበት ዓመት ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሰዓቱ በማዕዘኑ ላይ ደቂቃ ሲቆጥር ይታያል። ይህን ቀን የማስተካከል ሥራ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ እንዲህ ቀፎኝ ግን አያውቅም። የምንፈልገው ድምፅ የሚገኘው ልጁ ከሞተበት ዓመት ወዲህ ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማለፍ ግድ ነው። ልጅቷ ከነጠላዋ ውስጥ «ይለፉት እንግዲህ» አለችኝ። ዓመቱን አስተካከልሁ።

ዳታቤዙ ተከፈተ። በሴትዮዋ መስመር ላይ ያለው ቁልፍ የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ፤ ጻፍሁት፤ ቁልፉ ጠፋ።

ያኔ እጄን ሰበሰብሁ። «ሣልስታቸው እኮ ነገ ነው» አልኋት። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ቃል ገብቻለሁ።»

«ነገ ሰው ፊት ባይሠራስ? ሳንሞክረው ልንሄድ ነው?» አሰበችና ወደ መስኮቱ አየች። «በቤተ ክርስቲያንስ ቀኑ የሚገባው ከዋዜማው አይደል? ፀሐይ ትጥለቅ። ከጠለቀች ሐሙስ ነው።»

ጠበቅን። የምንሠራው ነገር አልነበረም። ከጉና በኩል ያለው ብርድ በበሩ ሥር ይገባ ጀመር። ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ተጫንሁት።

በመጀመሪያ የመጣው የመደቡ መንቋቋት ነው። ከዚያ ሳል። ከዚያም ልክ አጠገቤ የተቀመጡ ያህል የቀረበ ድምፅ፤

«ወጣሽ? በሩን ሳቢው።»

ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ። ንግግሩ ከእኔ ጋር ነው። ስምንት ዓመት አልፎ፣ እርሳቸው አፈር ከገቡ በኋላ፣ አሁንም እኔን ወደ ውጭ ያስወጡኛል። ከድምፁ ጀርባ በሩ ሲገጥም ተሰማ፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ እጄን ያዘች።

ለራሳቸው ጥቂት ስንኝ አወረዱ። ሥርዓት ያለው፣ የተስተካከለ፣ የማንም አስለቃሽ ሊያወርደው የሚችል ዓይነት ነበር፤ እኔም በውስጤ ይህን ያህል ለሚነገርላቸው ሴት ቀዝቃዛ ነው አልሁ። ከዚያ አቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል። እንደገና ሲጀምሩ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር፤

*ለሰው ሁሉ ለቅሶ ስጠራ ኖሬ፣*
*ሳልጠራ የቀረሁት ለሆዴ ፍሬ።*

ልጅቷ እጄን ለቀቀችው።

*መርዶ ነጋሪ አጥቼ አገር ሙሉ ሰው ሳለ፣*
*ልቤ ራሱ ነገረኝ ልጅሽ ሞቷል እያለ።*

ከዚያ በኋላ ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አላወረዱም። ልጃቸውን ከልደቱ ጀምረው አለቀሱት፤ አረማመዱን፣ እርፍ አያያዙን፣ በቆላ ብቻውን መተኛቱን። ለሕመማቸው ራርተው መርዶውን ለደበቋቸውም አዘኑላቸው። ስለ ነጠላውም መጣ፤

*ከገሳይ ተገዝቶ የመጣው ነጠላ፣*
*ልጄ ላከው ብዬ ለበስሁት በመላ።*

በቀስታ አወረዱና፣ ሴት ልጃቸውን ላለማሳፈር ይመስል፣ ያችን ስንኝ አልደገሟትም። ለቅሶው ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ ንፍጣቸውን ሲጠርጉ ተሰማ፤ ድምፃቸው ወደ ተራ ንግግር ተመለሰና «በይ ግቢ፣ ጨርሻለሁ» አሉ። በሩ ተከፈተ። የእኔ የድሮ ድምፅ፣ በደስታ፣ «እንዴት ነበር፣ እማማ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ ላይ ተቋረጠ።

መብራቱን የማብራት ሐሳብ ለሁለታችንም አልመጣልንም። የላፕቶፑ ብርሃን ብቻ ነበር።

«ያን ጊዜ እኮ ማዶ ሌላ አስለቃሽ አስመጣን» አለች በመጨረሻ። «እንዳትሰማ ብለን። በዚያ አገር ሰው ሲሞት እሷን የማይጠራ ማን ነው? ሕፃን ሲሞት እንኳ ይጠራታል። እኛ ሳንጠራት ዋልን፤ እሷም ሰው ወደ ማዶ ሲሄድ አየች። ባለመጥራታችን ነው የነገርናት።» ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረች። «እኔ ውጭ ሆኜ ሳቅሁባት። ለማሽን ታለቅሳለች አልሁ።»

እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። በሥርዓት ያልተረዳ ሰው በሥርዓት ማልቀስ አይችልም፤ ልጃቸው መሞቱን እንዳላወቁ ሆነው ለመኖር የወሰኑ እናት አንድ ቀን ጮኸው የሚያለቅሱበት ቤት አስፈለጋቸው። የእኔ መቅረጫ በሩን የሚዘጋላቸው ሰበብ ሆነ። እኔ ሙያ ነው ብዬ የጻፍሁት ያን ነው።

«ነገ ይኸን እንዴት አሰማለሁ?» አለችኝ። «እሷን እንዳይረሷት ብዬ መጥቼ፣ እኔን ሲያሙኝ ሊኖሩ ነው። በልጇ ሰላምታ ስታጃጅላት፣ እናቷ ስታውቅባት ኖረች ይሉኛል። ከዚያም ወዲህ እኮ ስንት ሰላምታ አመጣሁላት! ስንቱን አሜን አለችልኝ!»

ድምፁን ከዳታቤዙ አውጥቼ ራሱን የቻለ ፋይል ካደረግሁት በኋላ መቁረጥ እንደምችል ነገርኋት። ለራሳቸው ያወረዱት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እርሱን ብቻ ለይቼ ብሰጣት ሕዝቡ አስለቃሿን በገዛ ድምፃቸው ሰማ፣ ውርደቱም ተነሣ ማለት ነው፤ የቀረው እርሷ ዘንድ ይቀመጣል። የተናገርሁት በቅንነት ነበር። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም፤ «ይሰማ ያሉበትን ቀን የመረጡት ግን እርሳቸው ናቸው። ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት ቀን።»

አንሶላና ብርድ ልብስ አዘጋጀሁላት። እኔ ፋይሉን አውጥቼ በሁለት ሚሞሪ ካርዶች ላይ ጫንሁ፤ ሙሉውን አንድ፣ የተቆረጠውን አንድ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለየሁና ተኛሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከማዶው ክፍል እርሷም እንዳልተኛች ይሰማኛል። በአንድ ወቅት ያችን ስንኝ፣ የነጠላውን፣ በለሆሳስ ስታወርድ የሰማሁ መሰለኝ። ሕልም ይሁን እውነት አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሁለቱን ካርዶች በመዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት።

«የቆረጡትን እዚሁ ይተውት» አለችኝ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። እሷ ጨርሻለሁ እስካለችበት። ለወንድሜ ለቅሶ እሷ ያልተጠራች ዛሬ ትጠራለታለች። ነገር ግን የነጠላውን ጉዳይ ከማሽን አይስሙት። ድምፅዋ ከመከፈቱ በፊት እኔ ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ወንድሜ የሞተበትን ዓመት፣ ነጠላውን የገዛሁ እኔ መሆኔን፣ ሁሉንም። ያሙኝ። ከዚያ እርሷ ትናገር።»

ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነበር፤ የእናትየው ሣልስት የልጁም ለቅሶ እንዲሆንና ለሁለቱም በአንድ ላይ እንዲለቀስ፤ ልጅቷ በተሰበሰበው ሰው ፊት በራሷ አፍ እንድትናገር፤ ድምፁ አንድ ቃል ሳይጎድልለት ከዚያ በኋላ እንዲሰማ፤ እኔም ለገሳይ በሚነሣው የመጀመሪያው ሚኒባስ አብሬያት እንድሄድ።